ድመቷ፣ ቁንጫውና አማናው





ውድ አንባቢያን! በዚህ ዓምድ ስለ ድመት ቁንጫና መዥገር ልጽፍ መሆኑን አንዳንድ ወንድሞችን ባማክራቸው ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። አንደኛው ወንድማችንማ «ሙስሊሙ ኅብረተሰብ ስንት ያልተፈታ ጉዳይ ተቆልሎበት እያለ አንተ የድመት ቁንጫ ትለቅማለህ?» ሲል ቀልዶብኛል። አባባሉ ቀልድ ቢሆንም ቁም ነገር ያዘለ ስለሆነ ከእርሱው ልጀምር።

ታላቁ ሶሃባ ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ዘንድ አንድ የዒራቅ ሰው መጥቶ፣ ኢሕራም ላይ ያለ ሰው ዝንብ ቢገድል ፍርዱ ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። እርሳቸውም የዒራቅ ሰዎች የአላህን መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጅ ከገደሉ በኋላ ስለ ዝንብ መጠየቃቸውን በመገረም ነቀፉ። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። ስለ ትንንሽ ፍጥረታት የሚነሳን ጥያቄ ሁሉ ለማጣጣል ይህን ዘገባ የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ ድመቷን አስራ፣ ሳታበላትና ሳታጠጣት፣ ከምድር ነፍሳትም ለቅማ እንድትበላ ሳትለቃት በረሃብ በመሞቷ ምክንያት እሳት ስለገባችው ሴት የሚናገረውን ሀዲስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካስተላለፉልን ሶሃባዎች አንዱ እኒሁ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ናቸው። ሀዲሱን ቡኻሪም ሙስሊምም መዝግበውታል።

ሁለቱም ዘገባ ከአንድ አንደበት የወጣ ነው። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) የነቀፉት ለትንሽ ፍጥረት መጠንቀቅን ሳይሆን ትልቁን ደም አፍስሶ በትንሹ ጥንቁቅ መምሰልን ነው። በእጃችን የወደቀን፣ ከእኛ በቀር ሌላ መጠጊያ የሌለውን ደካማ ፍጥረት ጉዳይ ግን ሸሪዓችን ከትንሽ ነገር አልቆጠረውም። አንዲት ሴት የገባችበትን እሳት ያህል ከባድ አድርጎ ቆጥሮታል። እንግዲህ ወደ ርዕሳችን እንግባ።

ወረታን የሚያውቅ ያውቃታል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚገነጠለው መንገድ ላይ ያገኟታል። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለ፣ በክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች እየሞሉ የሚተኙበት ጥቁር አፈር ነው። ይህ ሜዳ ቀድሞ ስሙ የሚጠራው በከብቱ ነበር፤ በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላም መጠሪያዋን ያገኘችው ከዚሁ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን የግጦሹ መሬት እየተቆረሰ የሩዝ ማሳ ሆኗል። «ኤክስ ጂግና» የሚባለው የሩዝ ዘር ስሙ የአካባቢው ነው። በወረታ መንገድ ዳር የሩዝ መፈልፈያዎች ተደርድረዋል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው እዚያው ነው።

ሩዝ ባለበት አይጥ አለ። አይጥ ባለበት ደግሞ ድመት ትፈለጋለች። በመሆኑም በወረታና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ጆንያ የሚደረድር ነጋዴም ሆነ ጎተራ የሚሞላ ገበሬ ድመትን የሚያሳድገው ለጌጥ ሳይሆን ለጥበቃ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሐረም ክልል ውስጥ ሳይቀር እንዲገደሉ ከፈቀዷቸው አምስት ጎጂ እንስሳት አንዷ አይጥ መሆኗን እናውቃለን። ድመት እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ ያለች ደመወዝ የማይከፈላት ረዳታችን ናት። ነገር ግን ይህችው ረዳታችን ቀን ከላሟ በረት፣ ከገለባው ክምር ውስጥ ስትሽሎከለክ ትውልና ማታ ከልጆች ጋር መደብ ላይ ትተኛለች። ከበረቱ መዥገር፣ ከአቧራው ቁንጫ ይዛ ትገባለች።

ለመሆኑ ድመትን በቤታችን ውስጥ እንድትገባና እንድትወጣ የፈቀደላት ማን ነው? የአቡ ቀታዳን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። የልጃቸው ሚስት ከብሻ ለውዱእ ውኃ ቀድታላቸው ሳለ ድመት መጥታ ልትጠጣ ብትል፣ አቡ ቀታዳ ዕቃውን ዘንበል አድርገው አጠጧት። ከብሻ በመገረም ስትመለከታቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በእናንተ መካከል ከሚዘዋወሩት ወገን መሆኗን መናገራቸውን ነገሯት። ይህን ማሊክ፣ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ሌሎችም ዘግበውታል። ቃሉን ልብ እንበለው። ድመት የተፈቀደችው በመካከላችን ስለምትዘዋወር ነው። ከቤት ሰው ጋር የተቆራኘች፣ ከዚህም ከዚያም የማትታጣ በመሆኗ ሸሪዓው ነገሩን አቀለለልን። የፊቅህ ሊቃውንትም በልብስ ላይ የሚገኝ ጥቂት የቁንጫ ደም ሶላትን እንደማያበላሽ ሲያስተምሩ ያዩት ይህንኑ፣ ሰው ሊጠነቀቀው የማይችለውን ነገር ነው።

ዲናችን አቅልሎልናል ማለት ግን ቁንጫውን ተሸክመን እንኑር ማለት አይደለም። በአንጻሩም ቁንጫውን እናጠፋለን ብለን ድመቷን እናጥፋ ማለት አይደለም። ይህን የምለው በምክንያት ነው።

የሩዝ አጨዳ ባለቀበት ሰሞን ሩዝ እየሰበሰበ ወደሚሸጥ አንድ ዘመዴ ቤት ወረታ ሄጄ ነበር። ቤቱ ሐዘን የገባበት መስሏል። ሦስት ልጆች ወልዳ የምታጠባ ድመታቸው ከቀትር በኋላ ምራቋ እየተዝረከረከ፣ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ቆይታ ዐስር ሳይሰገድ ሞታለች። አቅፋት ስታባብል የነበረች የአምስት ዓመት ልጅም አስመልሷትና ላብ አጥምቋት ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዳለች። አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ድናለች። ነገሩን ሳጣራ፣ ድመቷ ቁንጫ ስለበዛባት የቤቱ ወጣት ልጅ የላም መዥገር መድኃኒት ቀብቷት ኖሯል። መድኃኒቱ የተገዛው ከትልቅ ጠርሙስ ተቀንሶ፣ ስምም መጠንም ባልተጻፈበት የውኃ ሃይላንድ ውስጥ ነው። ልጁ «ጋሼ፣ ለላሟ የሚሆን መድኃኒት ለድመቷ ምን ይላታል ብዬ ነው» አለኝ። አያቱ ደግሞ እንባቸውን እየጠረጉ «ልጄ፣ ለላሟ የሰጠናትን ነው የሰጠናት፤ ከላም አላሳነስናትም ነበር» አሉ።

እኚህ እናት እውነታቸውን ነው። በዚያ ቤት ጭካኔ አልነበረም። የነበረው ያለ ዕውቀት የተደረገ እዝነት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ በብዙ ቤት ሊደርስ የሚችል በመሆኑ ምክንያቱን ማስረዳቱ ተገቢ ይሆናል።

ለከብት መዥገር ከሚሸጡት መርዞች ታዋቂው ዲያዚኖን ነው። በውኃ በርካታ እጥፍ ተበርዞ በትልቅ ከብት ቆዳ ላይ እንዲረጭ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚሠራውም የነፍሳቱን ነርቭ በማወክ ነው። የሰውንና የድመትንም ነርቭ የሚያውከው በዚያው መንገድ ነው፤ በቆዳ በኩልም ይገባል። ላም ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ ድመት ሦስት ወይም አራት ኪሎ ናት። ዋናው ነገር ግን ክብደቱ ብቻ አይደለም። ላም የተረጨችውን መላ ሰውነቷን አትልስም። ድመት ግን ከነቃችበት ጊዜ ጥቂት የማይባለውን የምታሳልፈው ጠጉሯን በመላስ ነው። ጀርባዋ ላይ ያፈሰስነው ሁሉ ሆዷ ይገባል። በሌላ አነጋገር ድመትን የገደላት የገዛ ንጽሕናዋ ነው።

እንደገና ወደ ሀዲሱ እንመለስ። በመካከላችን የምትዘዋወር ተብላለች። በጠጉሯ የያዘችው መርዝም አብሯት ይዘዋወራል። ከሰሌኑ ወደ መስገጃው፣ ከመስገጃው ወደ ሕፃኗ እጅ፣ ከእጇ ወደ አፏ ይደርሳል። ድመትን የቀባን ቤተሰባችንን እንደቀባን እንቁጠረው።

በከተማ ያሉ አንባቢያንም ይህ የገጠር ጉዳይ ነው ብለው እንዳያልፉት እለምናለሁ። ለውሻ ቁንጫና መዥገር የተሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች ፐርሜትሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ውሻ ይህን ይቋቋመዋል። የድመት ጉበት ግን መርዙን በበቂ ፍጥነት የመሰባበር አቅም ስለሌለው ያንቀጠቅጣታል፤ ሊገድላትም ይችላል። ላምባ መቀባት፣ የአልጋ ትኋን ማጥፊያ መንፋት፣ የማላታይን ዱቄት መነስነስ፣ እንዲሁም በጣናና በገባሮቹ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚበተነውን የብርብራ ፍሬ አድቅቆ መጠቀም ሁሉ ከዚያው ጎራ ነው። «ባህላዊ ነው» መባሉ መርዝነቱን አያስቀረውም።

ይህን ሁሉ አደጋ የምንጋፈጠው ደግሞ ቁንጫን በተሳሳተ ቦታ ስለምንፈልገው ነው። ድመቷ ላይ የምናየው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። አንዲት እናት ቁንጫ በቀን እስከ 50 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ጠጉር ላይ አይጣበቅም፤ ድመቷ በተኛችበት ይረግፋል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል በወለሉ ስንጥቅ፣ በምንጣፉ ሥር፣ በጆንያው ግርጌ ከብርሃን ተሸሽጎ አዋቂው ቁንጫ የጣለውን የደረቀ ደም እየተመገበ ያድጋል። ከዚያም በድር ውስጥ ራሱን ይሸፍናል። ሁኔታው ከተመቸው በሦስትና በአራት ሳምንት፣ ካልተመቸው ደግሞ ከብዙ ወራት በኋላ ሙቀትና የእግር ንዝረት ሲሰማው ፈንቅሎ ይወጣል። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት በአንድ ጊዜ ቁንጫ የሚወርረን ለዚህ ነው። እንግዲህ የቁንጫው ማደሪያ ቤታችን ነው፤ ድመቷ ገበታው ናት። ገበታውን በመርዝ አጥበን ማደሪያውን ሳንጠርግ ብንቀር በወሩ እንደገና እዚያው ነን።

ቁንጫን ንቀን የምንተወው ጉዳይ አለመሆኑንም ታሪክ ያስተምራል። የሀዲስ ሊቁ ኢብን ሐጀር አል ዐስቀላኒ ስለ ወረርሽኝ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የጻፉ ሲሆን፣ ልጆቻቸውንም በዚያው በሽታ አጥተዋል። ያ ወረርሽኝ በምን እንደሚተላለፍ ግን በዘመናቸው የሚያውቅ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሉዊ ሲሞን በ1898 እ.ኤ.አ. ካራቺ ላይ ባደረገው ምርመራ አስተላላፊው የአይጥ ቁንጫ መሆኑን አሳየ። ዛሬም ቢሆን የድመት ቁንጫ ኮሶ ትል ለሕፃናት ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ድመት ስትቧጭር ትኩሳትና የንፍፊት እብጠት የሚያመጣው ተሕዋስም በድመቶች መካከል የሚዛመተው በቁንጫ ነው። ቁንጫ የበዛባቸው ግልገል ድመቶች ደግሞ ደማቸው አልቆ ይሞታሉ። ሸሪዓችን ጉዳትን መቀበልንም ጉዳት ማድረስንም የሚከለክል ነውና ቁንጫን ማስወገድ ተገቢ ሥራ ነው። ጥያቄው አወጋገዱ ላይ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የእንስሳት ሐኪሞች ከሚመክሩትና ማንም ቤት ሊያደርገው ከሚችለው ዋና ዋናውን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ መመርመር ነው። የድመቷን ጠጉር ገለጥ አድርገን ጥቁር ፍርፋሪ ብናገኝ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ እናራግፈው። ጨርቁን ካቀላው የቁንጫ ኩስ ነው፤ ካላቀላው ተራ ቆሻሻ ነው።

ሁለተኛ፣ ማበጠር ነው። ጥርሱ የተጠጋጋ የቅማል ማበጠሪያ ይዘን ከአንገቷና ከጅራቷ ሥር በመጀመር በየቀኑ እናበጥራት። የተያዘውን ቁንጫ የሳሙና ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ መክተት ነው። ለግልገሎችና ለምታጠባ እናት ከዚህ የተሻለ አስተማማኝ መንገድ የለም። ድመቷ ከፈቀደች ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብና በደንብ ማለቅለቅም ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ቤቱን ማጽዳት ነው። የምትተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ መቀቀል፣ ሰሌንና ምንጣፍን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ጆንያን ከመሬት በእንጨት ከፍ አድርጎ ሥሩን መጥረግ፣ የጠረጉትንም ደጅ ላይ ሳይተዉ ማቃጠል ያስፈልጋል። የአፈር ወለል ባለበት ቤት እናቶቻችን ወለሉን ሲለቀልቁ የኖሩት አለምክንያት አይደለም። ስንጥቁ ሲደፈን፣ አቧራው ሲታሰር የቁንጫው ልጅ ማደጊያ ያጣል። ይህም ሁሉ ቢያንስ ለሁለት ወር ሳይቋረጥ መደረግ ይኖርበታል፤ በድር የተሸፈነው ገና አልወጣምና።

አራተኛ፣ መዥገርን በሚመለከት በጠባብ መቆንጠጫ ከቆዳው አስጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ በዝግታ መሳብ ነው። ክብሪት ማስጠጋትም፣ ላምባ ማንጠብጠብም አይገባም። መዥገሩ ሲጨነቅ በሆዱ ያለውን መልሶ ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላልና። በባዶ እጅ መጨፍለቅም ጥሩ አይደለም።

አምስተኛ፣ መድኃኒት የግድ ካስፈለገ «ለድመት» ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትን፣ ድመቷን መዝነን፣ የእንስሳት ሐኪም ጠይቀን ብቻ እንጠቀም። በስህተት መርዝ የነካት ድመት ብትኖር ጓንት ወይም ፌስታል በእጃችን አጥልቀን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ እናጥባት፤ እንዳትልስ በጨርቅ እንጠቅልላትና ወደ እንስሳት ክሊኒክ እንሩጥ። ልጅ ከነካችው ደግሞ እጇንና ልብሷን አጥበን የመርዙን ዕቃ ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ስለ እሳት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ቁንጫና መዥገር የሚጎዱን በመሆናቸው መግደላችን አያስወቅስም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በእሳት መቅጣት ለእሳት ጌታ ብቻ መሆኑን አስተምረዋል። ከቀደሙት ነቢያት አንዱም አንዲት ጉንዳን ነክሳቸው መንደሩን ሁሉ ባቃጠሉ ጊዜ ከአላህ ዘንድ ተወቅሰዋል። ስንገድል እንኳ ባማረ ሁኔታ እንድንገድል ታዝዘናል። ምንጣፉን ስናጥብና ስንጠርግ የሚሞተው ሌላ ነው፤ መዥገርን በድመት ገላ ላይ በክብሪት መለኮስ ግን ሁለቱንም ማሰቃየት ነው።

እንግዲህ ኃላፊነቱ የማን ነው? በመጀመሪያ የከብት መርዝ ያለ ስም፣ ያለ መጠን በሃይላንድ ቆርሶ የሚሸጥ ነጋዴ አላህን ይፍራ። ሙስሊም ከሆነማ ያታለለን ከእኛ አይደለም የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ማስጠንቀቂያ ሰምቷል። የሚሸጠውን ነገር አደገኛነት እያወቀ መደበቅ ከሚዛን ማጉደል የሚተናነስ አይደለም። ቀጥሎ የመስጊድ ኢማሞቻችን ናቸው። የድመቷን ሴት ሀዲስ በኹጥባ ሲያነሱ ማሰርን ብቻ ሳይሆን መመረዝንም ቢያክሉበት፣ በተለይም ምርት በሚገባበት ወር ቢሆን፣ የስንት ቤት ልጅ ይድን ነበር! የእንስሳት ጤና የተማሩ ወጣቶቻችንም ዕውቀታቸው ለላምና ለበግ ብቻ የተሰጣቸው አይምሰላቸው።

ቀሪው የእኔና የእናንተ ድርሻ ነው። ቀደምት ሙስሊሞች ለድመት ቦታ ነበራቸው። ከሁሉ ይበልጥ ሀዲስ ያስተላለፉልን ሶሃባ በአባታቸው ስም ሳይሆን አቡ ሁረይራ፣ የትንሿ ድመት አባት፣ ተብለው ይታወቃሉ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅን የገዙት ሱልጧን ዛሂር በይበርስ በካይሮ መስጊዳቸው አጠገብ ያለ የአትክልት ቦታ ለድመቶች ቀለብ ወቅፍ ማድረጋቸው ይነገራል። እኛ የአትክልት ቦታ አልተጠየቅንም። የተጠየቅነው ማበጠሪያ፣ የሳሙና ውኃ፣ ጥቂት ትዕግሥት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በአንዓም ምዕራፍ በምድር ላይ የሚሄዱ ፍጥረታትና በክንፋቸው የሚበሩ ሁሉ እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ነግሮናል። ሰውን ከእነርሱ የሚለየው ዐቅሉና የሚጠየቅበት ቀን ያለው መሆኑ ነው። ያቺ ሴት በዚያ ቀን የተጠየቀችው ድመቷን ለምን አሠርሽ ተብላ እንጂ ድመቷን ለምን ጠላሽ ተብላ አይደለም። እኛም ወደናት ነበር ማለታችን ብቻ አያድነንም። ለእርሷ የማይሆነውን ሳናውቅ ካፈሰስንባት፣ ማወቅ የምንችለውን ሳንጠይቅ ካለፍን ያ ጥያቄ ወደ እኛም መምጣቱ አይቀርም። ለማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ከእጃችን በታች ላሉት ሁሉ የምናዝን፣ በዕውቀትም የምናዝን ባሮቹ ያድርገን፤ አሚን።

ወአላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።